በበረዶ አገር ዘጠኝ ሰዓት

ሌላው ሰው ከባሕር ማዶ ሲመለስ ራዲዮ ወይም የእጅ ሰዓት ይዞ ይመጣል። በዕውቀቱ ግን በ1957 ዓ.ም. የጓሳን ሣር ለማጥናት ከሚማርበት ከኖርዌይ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ መንዝ ሲመጣ ሁለት ጣውላ ይዞ መጣ። ከቁመቱ የሚበልጡ፣ የተወለወሉ፣ ጫፋቸው ወደ ላይ የተቆለመመ ጣውላዎች ነበሩ። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ከበርበሬ ጆንያ ጋር ታስረው ተጓዙ። ከዚያ እስከ መንደሩ እስከ ቀየት ያደረሳቸው የጎረቤቱ የአባይነህ በቅሎ ነው።

አባይነህ በጣሊያን ጊዜ የካሚዮን ረዳት ነበር። ከዚያ ወዲህ የዓለምን ነገር ሁሉ ለማስረዳት ፈቃድ ያወጣ ይመስለዋል። ጣውላዎቹን ግን ሦስት ጊዜ ዞራቸውና ተሸነፈ።

«ሞፈር ነው እንዳልል ሳስቷል። መቃን ነው እንዳልል ጫፉ ተቆልምሟል። ምንድነው?»

«ስኪ ይባላል ጋሼ። እግር ላይ ታስሮ በበረዶ ላይ ይኬድበታል።»

«በረዶው እስኪቀልጥ ብትጠብቁስ?»

«ስድስት ወር አይቀልጥም።»

«እንዲህ ከሆነ ሰዉ አገሩን ለምን አይለቅም?»

በዕውቀቱ ይህን ጥያቄ ራሱም በመጀመሪያው ክረምት ጠይቆት ነበር። አሁን ግን በዚያው አገር የበረዶ ጉዞ እያቀደ ነው። ላርስ የሚባል ጓደኛው በዕውቀቱን ጨምሮ ሦስት ሰዎች አሰባስቦ፣ አራተኛ ራሱ ሆኖ፣ በሰሜኑ የኖርዌይ ጫፍ ሰው የማይኖርበትን ምድር አቋርጦ ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ባሕር ሊወጣ ነው። ጉዞው ኀምሳ ቀን ይፈጃል። ጎማ የሌለው፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ አለ፤ በውስጡ ድንኳን፣ ነዳጅና ስንቅ ይጫናል። ጋሪውን የሚጎትተው ሰው ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱን በወገቡ ታጥቆ።

በዕውቀቱ የተመረጠው በሌላ ሙያ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሰው ሁሉ «ለመሆኑ አፍሪካ ውስጥ ብርድ አለ?» እያለ ሲጠይቀው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «በረደኝ» ሳይል የቆየ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ላርስ እንዲህ ሲል ጽፎለታል፦ «እስከ ጥቅምት መጨረሻ በቴሌግራም እሺ ካላልከን ባንተ ቦታ አንድ የጥርስ ሐኪም እንወስዳለን። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሁልጊዜ ይበርደዋል።» በዕውቀቱ ይህን ደብዳቤ ባነበበ ቁጥር በጥርስ ሐኪሙ መበለጡን ያስብና እስከ ጥቅምት መጨረሻ የቀረውን ቀን ይቆጥራል።

እናቱ ወይዘሮ አመተሥላሴ ነገሩን ሲሰሙ አለቀሱ ቢባል ውሸት ነው። አዳመጡ። ስለ ውርጩ ነገራቸው፣ ስለ ንፋሱ ነገራቸው፣ ሰው ስለማይኖርበት ምድር ነገራቸው። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«መቼ ነው?»

«ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ።»

ወይዘሮ አመተሥላሴ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሁዳዴ ነው» አሉ። «ምን ልትበላ ነው?»

በዕውቀቱ የላርስን ዝርዝር አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ቅቤ፣ በስብ የተለወሰ የደረቀ የበሬ ሥጋ፣ አይብ፣ የዱቄት ወተት፣ ደግሞ ቅቤ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ድምፁ እየሰለለ መጣ።

«ስማኝ በዕውቄ» አሉ እናቱ። «የመንዝ ልጅ ብርድ ገደለው ቢሉኝ አላምንም። በሁዳዴ ቅቤ ሲልስ ተገኘ ቢሉኝ ግን አምናለሁ፤ ከተማሪ አይጠፋም። የነፍስ አባታችን ይሁን ካሉህ ሂድ። አይሁን ካሉህ እነዚያን ጣውላዎች ለጎተራው መቃን እንጠርባቸዋለን።»

የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ አማኑኤል ናቸው። እኚህ ቄስ ከዓለም ነገር ሁሉ የሚወዱት ሒሳብ ነው፤ ዕለትና ወርኅ፣ ጾምና በዓል ሲቀምሩ ፊታቸው ይበራል። በማግሥቱ መጥተው ዝርዝሩን ተቀበሉና እንደ ዳዊት ከላይ እስከ ታች ደገሙት።

«ይኸ የመንገድ ስንቅ ነው ወይስ የፋሲካ ድግስ?»

«አባቴ፣ ስብ ከሌለ ሰውነት አይሞቅም ይላሉ።»

«ስብ ይላሉ እንጂ የማን ስብ መች አሉ? ሰሊጥ ስብ የለውም? ኑግስ?»

በዕውቀቱ ዝርዝሩን መልሶ ተቀብሎ ቅቤውን ሰረዘ። ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ይህ አልታየውም ነበር።

የቀየት ገበያ ቀን እናትና ልጅ ወደ ያሲን ሄዱ። ያሲን ከቆላ ሰሊጥ በአህያ ሽቅብ እያወጣ የሚነግድ ጨዋታ አዋቂ ነው።

«እትዬ አመተሥላሴ፣ ሁለት ጆንያ ሰሊጥ? ሠርግ አለ እንዴ?»

«ልጄ በረዶ አገር ሄዶ ጋሪ ሊጎትት ነው።»

ያሲን በዕውቀቱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አህዮቼ ይህን እንዳይሰሙ፤ የሚተካቸው ሰው ተገኘ ብለው ሥራ ያቆማሉ።» ከዚያ ጉዳዩን ሰምቶ ራሱን እየነቀነቀ «እኔ የምለው» አለ፣ «በክረምታቸው ፀሐይ አትወጣም ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?»

«እላይኛው ጫፍ ላይ ሁለት ወር አትወጣም።»

«የኛ ረመዳን በዚያን ጊዜ ቢውልስ? ከመቼ እስከ መቼ ሊጾም ነው?» ያሲን ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለአገር ሰው አታውራ። ፀሐይ ካልወጣች የሚጾም ቀን የለም ብሎ ሁሉ ይሰደድና ቆላው ባዶውን ይቀራል።»

ወይዘሮ አመተሥላሴ ገብስ ቆልተው በሶ አስፈጩ። ሰሊጡን ወቀጡ፣ ኑጉን ወቀጡ፣ በማር ለወሱት፤ በመዳፍ ልክ እንደ ጡብ እየጠፈጠፉ ደረደሩት። ጭኮ ነው እንዳይባል ጭኮ ያለ ቅቤ አይታሰብም። ስለዚህ «የጾም ጭኮ» አሉት፤ መምሬም ሳቁና ስሙን ባረኩት። በቅቤ የታሸ እውነተኛ ጭኮም ለማነጻጸሪያ ተሠራ። ሁለቱንም ማታ ደጅ አውጥተው ለጥቅምት ውርጭ ሰጧቸው።

ጠዋት ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ተገኘ። አባይነህ ያለ ማንም ግብዣ ከሁለቱ የቅቤውን መርጦ ነከሰ። ጭኮው ጥርሱን ያዘው እንጂ እሱ ጭኮውን አልያዘውም።

«እህህ! ይህ ወፍጮ ላይ የሚቀመጥ ነው!»

የሰሊጡ ግን ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሁሉም ቀመሱ። አባይነህ ለጥርሱ መጽናኛ ሦስት በላ። በዕውቀቱ የጥርስ ሐኪሙ ቅቤውን ሲነክስ በዓይኑ ታየውና ብቻውን ሳቀ።

በዚያው ሳምንት ልምምድ ሊያሳይ ወደ ጓሳ ወጣ። አሮጌ የጎተራ በር መሬት ላይ አጋድሞ አንድ ሙሉ ጆንያ ገብስ ጫነበት። ገመዱን በወገቡ አስሮ ሣሩ ላይ መጎተት ጀመረ። አገሩ ሁሉ ሊያይ ወጥቶ ነበር።

«ፍሬኑ የታል?» ብሎ ጮኸ አባይነህ። «ፍሬን የሌለው መኪና ቁልቁል ላይ ባለቤቱን ነው የሚቀድመው!»

አባይነህ ከካሚዮን ዘመኑ አንድ ነገር ያውቅ ኖሯል። ቁልቁለቱ ላይ በሩ በዕውቀቱን ቀደመው፣ ገመዱ ገለበጠው፣ ሁለቱም ተያይዘው አንድ ረጅም የጅብራ ተክል ሥር ቆሙ። የአባይነህ በቅሎ ሣሯን ትታ ቀና ብላ አየችው፤ በዕድሜዋ ከእሷ በታች ያለ የጭነት ፍጡር ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። በዕውቀቱ ግን ተነሣ፣ ጆንያውን መልሶ ጫነ፣ ሽቅብ ጎተተ። ወድቆ እየተነሣ፣ ሰው እየሳቀበት፣ ጎተተ። ወይዘሮ አመተሥላሴ ከጉብታው ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመው ነበር፤ አልሳቁም። ሲመለስ ወገቡ እንደ ማጭድ ጎብጦ አዩት።

በማግሥቱ መምሬ መጡ። ቤተሰቡ ሁሉ ቡራኬ ሊሰጡ የመጡ መሰለው። እሳቸው ግን አንድ የጾም ጭኮ በእጃቸው እያገላበጡ፣

«የምግቡ ነገር ተፈታ» አሉ። «ሰዓቱስ? ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምንጾመው።»

በዕውቀቱ የታመመ ወገቡን ያዘ። «አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ አልችልም። ሰዎቹ በቀን አራት ጊዜ ቆመው ይበላሉ። ሆዴ ባዶ ከሆነ ጋሪው እኔን ይጎትተኛል።»

«እኔም እውነቱን ልንገርህ። ዘጠኝ ሰዓትን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ስምንት ላደርግልህ አልችልም።»

አባይነህ ተነሥቶ ስኪዎቹን በስንዝር ለካ። ጥግ ላይ የቆሙት ጣውላዎች ከወዲሁ መቃን መስለው ታዩ።

ኋላ መምሬ «ለመሆኑ እዚያ ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን በምን ታውቃለህ?» አሉ።

«በእጅ ሰዓቴ።»

«ማነው የሚሞላው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ዘጠኝ ሰዓት የሚለው ሆድህ ነው። እኔ ፀሐይን ነው የምጠይቀው። እኛ በሁዳዴ ጥላችን በገዛ ጫማችን ሲለካ ሰባት ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ እንላለን። እዚያ በጠራራው ቀትር ጥላህ ስንት ጫማ ይሆናል?»

በዕውቀቱ እርሳስ አወጣ። ስለ ፀሐይ ከፍታ የተማረውን አስታውሶ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ።

«ስንነሣ ሠላሳ አንድ ጫማ። እያጠረ ይሄድና የምንደርስ ቀን ዐሥራ አንድ።»

«ቀትር ላይ?»

«ቀትር ላይ። ከዚያ በታች አይወርድም።»

መምሬ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ፊታቸው በርቷል። «እኛ ዘንድ ጥላ ሠላሳ አንድ ጫማ ሲሆን እኮ ከብት ይገባል! እዚያ ቀትሩ የኛ ማታ ነው! ሰባት ጫማ አልፎ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሄዶ፣ ሁልጊዜ ጾም የተፈታበት አገር!»

በዕውቀቱ ሊያቅፋቸው ሁለት እርምጃ ሲቀረው አባይነህ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝና… ጥላ ጠዋትም ረጅም ነው። ሰባት ጫማ የማይደርስ ከሆነ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ቢሆንስ? ያን ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ጨርሶ ላይደርስ ነው። ኀምሳ ቀን ሊጾም ነው!»

በዕውቀቱ አባይነህን ያየበት ዓይን ቢነክስ ኖሮ የቀረውን ጥርሱን ይጨርሰው ነበር። መምሬ ግን ሐቀኛ ናቸው፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ልክ ነው» አሉ። «ጠዋት ሊሆን ይችላል። ማታም ሊሆን ይችላል። ቀመሩ ሁለቱንም ይሰጣል።» ጾም የሚያስፈታውን ማታና ጾም የሚያስይዘውን ጠዋት የሚለይ ነገር ከቀመሩ ውስጥ ፈልገው አጡ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አመተሥላሴ ከምድጃው ዘወር አሉ።

«አባቴ፣ የጠዋትና የማታ ጥላ እኩል ከሆነ ገበሬን ከሩቅ ሲያዩት እየወጣ ነው ወይስ እየገባ ነው የሚለውን በምን ይለያሉ?»

«በምን ልለየው?»

«በወገቡ ነዋ! ሲወጣ ቀና ብሎ ነው፤ ሲገባ ጎብጦ ነው። ልጄን ጓሳ ላይ አይቼዋለሁ። ያን ጋሪ የታጠቀ ሰው ጠዋት የለውም፤ እሱ ሁልጊዜ ማታ ነው።»

በዕውቀቱ እናቱን አያቸው። መቃኑን ሊያስጠርቡ የነበሩት እኚሁ ሴት ናቸው? እሳቸው ግን ዓይናቸውን መልሰው ወደ ምድጃው አዙረው ነበር።

መምሬ ጭናቸውን መቱ። «ማታ ነው!» አሉ። «ማታ ነው! ግን ስማኝ፤ ሳትታጠቅ እንዳትበላ። ወገብህ እስኪጎብጥ ጎትት፣ ከዚያ ብላ። በየቀኑም ቀትር ላይ ጥላህን በጫማህ ለካና ጻፍልኝ። አንድ ቀን ሰባት ጫማ ከሆነ ግን እንደ ሰው ዘጠኝ ሰዓትን ትጠብቃለህ።»

«ያንን ጣውላ ለብሶ ነው ወይስ አውልቆ ነው የሚለካው?» አለ አባይነህ። «በጣውላው ከለካ ሠላሳ አንዱ አራትም አይሞላም!»

«አውልቆ!» አሉ መምሬ፣ ቤቱም በሣቅ ተናጋ። አባይነህ ላስደነገጠበት ካሣ በቅሎውን እስከ መሐል ሜዳ በነጻ ሰጠ፤ የምትሸከመው የጾም ጭኮ መሆኑን ሲያስብ ግን አንዱን ከረጢት ራሱ ሊጠብቅ አብሮ ሄደ።

ደብረ ብርሃን የቴሌግራም ቤቱ ጸሐፊ መነጽሩን አስተካክሎ በዕውቀቱ ያቀረበውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበ።

«እመጣለሁ። ስቤን ይዣለሁ። ቅቤዬን ለሦስት ተካፈሉት። በየቀኑ ቀትር ላይ ጥላዬን ለመለካት አምስት ደቂቃ እንቆማለን። የጥርስ ሐኪሙን ይቅርታ ጠይቁልኝ።»

ጸሐፊው በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለ።

«ጌታዬ፣ ይህ የምሥጢር ቃል ከሆነ የላከህን መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ አለብኝ። ማነው የላከህ?»

«የነፍስ አባቴ» አለ በዕውቀቱ። «እናቴም ፈርማለች።»