የባዶ ቦታ ክብደት

ሻራሬ ስሌቱን ለሦስተኛ ጊዜ ጨርሳ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ያው ነው። በመጀመሪያው እርከን ድምጥማጡ የጠፋው ቁጥር በሁለተኛው ተመልሶ መጥቷል።

ስሌቱ የፕሮፌሰር ዉሱቂ ነው። እሷ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጣ፣ እሳቸው መኝታ ክፍል ውስጥ ኮታቸውን ሲቦርሹ ይሰማታል፤ አስር ሰዓት ላይ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የስንብት ንግግራቸውን ያደርጋሉ።

ባዶ ቦታ ባዶ አይደለም። ውስጡ የማያርፍ ንዝረት አለ፤ ንዝረቱም ጉልበት አለው። ያ ጉልበት በወረቀት ሲሰላ፣ ከዋክብት ገና ሳይፈጠሩ ዓለሙን በታትኖ የሚጥል ሆኖ ይወጣል። በቴሌስኮፕ ሲለካ ግን ኢምንት ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሁለቱን ለማስታረቅ ነው። አሁን የስበትን ቀመር አሻሽዬ ባዶው ቦታ ስበት ላይ እንዳይመዝን አድርጌያለሁ ይላሉ። ስሌቱ አንድ እርከን ጠለቅ ሲል ግን ክብደቱ ይመለሳል። እሱን ለማጥፋት ቁጥሩን በእጅ እየጠመዘዙ ማስተካከል ነው፤ በሦስተኛውም እንደገና። እንዲህማ ማንም ያስታርቃል።

ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ ቤት እራት ተጋብዛ ነበር። ወረቀቱን ዘርግተው እንዴት ነው ሲሏት፣ እጅዎ ይባረክ፣ እንከን የለውም አለች። በቴህራን ሰው ማዕድ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሌላ ምን ይላል? እሳቸው ግን ስሌቱን መርምራ እንዳጸደቀችው ቆጠሩት። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱ ሲደርሳት ስሟ ከስማቸው ቀጥሎ ተጽፏል። በሚቀጥለው ወር ለቋሚ መምህርነት ትወዳደራለች። የመጣችው ስሜን ከወረቀቱ ላይ ይሰርዙልኝ ልትል ነው።

የፕሮፌሰሩ ባለቤት ማሂን ኻኑም ኪያር በሳህን ይዘው ገቡ። ፊቷን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ተበላሽቷል አይደል?"

"አዎ።"

"ዛሬን ዝም በይ፣ ሻራሬ ጃን፣ የኔ ውድ። ከልብ ቀዶ ሕክምናው ወዲህ በእግሩ ያቆመው ይኸው ነው።"

"አዳራሽ ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን ቢያወጣስ?"

"በሽማግሌ ስንብት ላይ? ማን ያሳደገው ተማሪ ነው?"

እውነት ነው፤ ማንም ትንፍሽ አይልም። ያጨበጭባሉ፣ አበባ ይሰጣሉ። ከዚያ ወረቀቱ ይታተምና ሽማግሌውን የማያውቅ፣ ይሉኝታ የሌለበት ሰው እጅ ይገባል። ሻራሬ ይህን ስታስብ እንኳ ደከማት።

ፕሮፌሰሩ ለብሰው ወጡ። ታክሲው ደጅ ላይ ጥሩንባውን ነፋ። ሻራሬ ተነስታ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ወዳለው ነጭ ሰሌዳ ሄደችና ሁለተኛውን እርከን መጻፍ ጀመረች። ሁለተኛው መስመር ሳያልቅ ሽማግሌው የሶፋው ክንድ ላይ ቁጭ አሉ።

"በቃ፣ ገብቶኛል። ያን ማታ እንከን የለውም ብለሽኝ አልነበር?"

"እንግዳ ነበርኩ፣ ፕሮፌሰር።"

"ለሩዙም እንደዚሁ ብለሻል።"

"ሩዙም ጨው በዝቶበት ነበር።"

"ጉድ ፈላ" አሉ ማሂን ኻኑም ከወጥ ቤቱ በር።

ፕሮፌሰሩ አልሳቁም። ሰሌዳውን የሚያዩት ከድሮ ተከራካሪው ጋር እንደገና እንደተገናኘ ሰው ነው። ሌላ ንግግር እንደሌላቸው፣ ይህንኑ እንደሚያቀርቡ፣ የት ላይ እንደሚወድቅም እንደሚያሳዩ ተናገሩ። ኩራት የለበትም፤ ሸክሙን የትም ይሁን የት ማውረድ የሚፈልግ ሰው አነጋገር ነበር። ከዚያ የወረቀቱን የመጀመሪያ ገጽ ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስክሪብቶ አወጡ።

"ስምሽን ልሰርዘው። የወደቀ ሥራ ለአንቺ አይበጅም፤ ገና ወንበር ፈላጊ ነሽ።"

ታክሲው እንደገና ጮኸ። ሻራሬ ለዚሁ ነበር የመጣችው። ግን ገጹን ከጉልበታቸው ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ስሜ ይቆይ" አለች። "ሁለተኛውን እርከን ግን አዳራሹ ሰሌዳ ላይ እኔ እጽፋለሁ። የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ከኋላ ወንበር አይነበብም።"