ሃያ ስምንተኛው ጥያቄ

በካምፑ የመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ቤተሰብ የሚባል ነገር ከተበተነ ሰንብቷል። ወጣቱ ከወጣት፣ እናቶች ከእናቶች፣ ሽማግሌው ከሽማግሌ ጋር ሳህኑን ይዞ ይቀመጣል። እስከዚያ የካቲት ድረስ በአንድ ጠረጴዛ የሚበላው የኦካዛኪ ቤት ብቻ ነበር፤ ያውም ሚትሱዬ ታናሽ ወንድሟን በጆሮው እየጎተተች። እናታቸው ከመሞቷ በፊት አንድ አደራ ነው የሰጠቻት፤ "አባትሽና ሺጌኦ እንዳይለያዩ። ሦስታችሁ አንድ ላይ ብሉ።" ይህን ስትል የሰላጣ ማሳቸውም ቤታቸውም ገና የራሳቸው ነበር። አሜሪካ ከጃፓን ጋር ጦርነት ገጠመችና የጃፓን ደም ያለውን ሁሉ፣ እዚሁ አሜሪካ የተወለደውን ሳይቀር፣ ከምዕራቡ ጠረፍ ጠራርጋ አይዳሆ በረሃ ላይ በሽቦ አጠረችበት። ሚትሱዬ ከእናቷ የቀራት ያ አደራ ብቻ ሆነ።

"እህቴ፣ እኔ ጡት ያልጣልኩ መሰለሽ እንዴ?" ይላል ሺጌኦ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጓደኞቹ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ይስቁበታል።

"አልጣልክም። ቁጭ በል።"

አባትየው አቶ ገንሺቺ ሩዛቸውን ያኝካሉ። አርባ ዓመት ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሰላጣ ሲያበቅሉ ኖረው ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት "የስ"፣ "ኖ" እና የሰላጣ ዋጋ ነው። የተቀረውን ልጆቻቸው ያውቁላቸዋል።

በየካቲት መጀመሪያ መንግሥት ወረቀት ላከ። ዕድሜው ከአሥራ ሰባት በላይ የሆነ ሁሉ ይሙላ ተባለ፤ ታማኙን ከማይታመነው ለመለየት ነው። በሽቦ አስረው ካስቀመጡት ሰው ታማኝነት መፈለጋቸው ነገሩን ላሰበው ያስቃል፤ ያኔ ግን የሳቀ አልነበረም። ሚትሱዬ ለአባቷ የደረሰውን ቅጽ ምድጃው ዳር ቆማ ተመለከተችው። በካምፑ ልብስ ንጽህና ቤት የሥራ ሰዓቷ ደርሶባት ነበር። ደግሞም ጃፓንኛዋ የወጥ ቤትና የማሳ ጃፓንኛ ነው፤ ከዚያ አልፎ አያውቅም።

"ምን ይላል?" አሉ አባቷ።

"የመውጫ ማመልከቻ ነው።"

"ከየት መውጫ?"

"ከካምፑ ነዋ፣ አባባ። የቀረው ዝባዝንኬ ነው፤ ታማኝ ነህ ወይ ምናምን። ሁሉንም 'የስ' ይበሉና ይገላገሉ። እኛም እንደዚያ ነው የምንለው።"

ኮቷን ደርባ ሄደች። በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ኮት ስትደርብ ራሷ ትታያት ነበር።

ማታውን አባቷ ለወግ ከሄዱበት፣ ከስስ ጣውላው ግድግዳ ማዶ፣ የጎረቤታቸው የአቶ ኮይኬ ድምፅ ይሰማ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ መቀሱን ቢቀሟቸውም ምላሳቸው አብሯቸው ካምፕ ገብቷል።

"ገንሺቺ፣ ሰማህ? መውጫውን የፈረመ ሃያ አምስት ዶላርና የባቡር ቲኬት ተሰጥቶት ውልቅ ነው! ማሳህን ሌላ ሰው ይዞታል። የት ልትገባ? እኔን አንቀው ካላወጡኝ ንቅንቅ አልልም። እዚህ ቢያንስ ጠመንጃው በየት በኩል እንዳለ ታውቃለህ።"

አቶ ገንሺቺ ሲስቁ ሰማቻቸው። እሷም ግድግዳው ወዲህ ሆና ሳቀች።

በማግስቱ ምሳ ላይ አባቷ ፊታቸው በርቶ መጡ። እንዲህ ሆነው ያየቻቸው እናቷ ሳትሞት ነው።

"ጨረስኩት" አሉ ሳህናቸውን እያስቀመጡ። "ከእንግዲህ አውጥቶ የሚበትነን የለም።"

"ምኑን ነው የጨረሱት?"

"ማመልከቻውን። 'ኖ' አልኳቸው። ለጠየቁኝ ሁሉ 'ኖ'።" በተወለዱበት መንደር የቤቱ አባወራ ማኅተሙን ካሳረፈ ቤተሰቡ ሁሉ እንደተናገረ ይቆጠራል፤ እሳቸውም ለሦስት ሰው የመለሱ መስሏቸው ነበር። "የቤቱ አባት አልወጣም ካለ ቤቱ አይወጣም። ብሉ እንጂ!"

ሺጌኦ ማንኪያውን አስቀመጠ። "አባባ፣ እኔ 'የስ' ብያለሁ። ዛሬ ጠዋት ለጦሩ ተመዝግቤያለሁ።"

ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ ጎረምሳ ሰምቶ ኖሮ፣ "ልጁ ለአሜሪካ ሊሞት፣ አባቱ ለጃፓን ንጉሥ ሊሰግድ! ደህና ቤተሰብ!" ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸ። ሌሎቹ ሳቁ። ሺጌኦ ሊነሳ ሲል ሚትሱዬ እጅጌውን ያዘችው። አባቷ ማን ምን እንዳለ አልገባቸውም፤ የልጆቻቸውን ፊት እያፈራረቁ አዩና ማኘካቸውን አቆሙ።

"ኖ" ያለ ሁሉ ከታማኞቹ ተነጥሎ ወደ ሌላ ካምፕ እንደሚወሰድ ሲነገር ሚትሱዬ ቢሮ ለቢሮ ሮጠች። ለመነች፤ አለቀሰች፤ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። በሦስተኛው ቀን አባቷ በድጋሚ እንዲጠየቁ ተፈቀደ። አስተርጓሚ ስላልነበረ አንቺው ተርጉሚ ተባለች።

ጠያቂው ፊቱ ጠቃጠቆ የበዛበት ወጣት መቶ አለቃ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ጠልታው ታርፍ ነበር። ወንበር ሰጣቸው።

"የቅጹን ሃያ ስምንተኛ ጥያቄ ጠይቂው። ለአሜሪካ ታማኝ ሆኖ ለጃፓን ንጉሥ ያለውን መታዘዝ ይክዳል?"

በእንግሊዝኛ "አንተ"ና "እርስዎ" አንድ ነው። ሚትሱዬ "እርስዎ" ብላ፣ ቃሉን ከቃል እያስማማች፣ ያን ቀን ማድረግ የነበረባትን አሁን አደረገችው። አቶ ገንሺቺ እስከመጨረሻው አዳመጡ።

"ከካድኩ በኋላ የማን እሆናለሁ? እነሱ ይቀበሉኛል?"

መቶ አለቃው እስክሪብቶውን አገላበጠ። "ሕጉ አይፈቅድም። ጃፓን የተወለደ ሰው የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይችልም። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።"

ተረጎመችላቸው። አባቷ ፈገግ አሉ።

"የማንም ያልሆነ ሰው ሁን ነው የሚሉኝ እንግዲህ። ንጉሡን የት አውቀዋለሁ? ግን በዓለም ላይ ያለኝ ወረቀት የዚያ አገር ወረቀት ብቻ ነው። 'ኖ' በይው።"

"አባባ፣ ይለያዩናል። ስለ እማማ ብለው!"

"ያን ቀን አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል። ንገሪው።"

"ምን አለ?" አለ መቶ አለቃው።

ሚትሱዬ ጠረጴዛውን አየች። ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ተራ የጣውላ ጠረጴዛ ነው። ይህ ሰው ጃፓንኛ አያውቅም።

"የስ" አለች። "'የስ' ነው ያለው።"

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ወረደ። አቶ ገንሺቺ ቀና አሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከተነገረው የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ የሚያውቁትን አንዱን ሰምተውታል። የአፈር ሥራ ያሻከረውን መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

"ኖ" አሉ በራሳቸው አፍ።

መቶ አለቃው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። "የቱ ነው?"

"ኖ።"

ከዚያ ወዲያ እስኪሄዱ ድረስ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልተናገሯትም። ሺጌኦ በጸደይ ዩኒፎርም ለብሶ ሄደ። የእሳቸው ባቡር በመስከረም መጣ። አንድ ጸሐፊ ካምፕ ሲገቡ የተሰጣቸውን የቤተሰብ ቁጥር ከኮታቸው ላይ በመቀስ ቆርጦ ጥሎ ሌላ ቁጥር ሰፋባቸው። ያኔ ሚትሱዬ፣ "መልሴን ለውጬ 'ኖ' ልበልና አብሬዎት ልምጣ" አለች።

"አይሆንም። የሺጌኦ ደብዳቤ የሚመጣው እዚህ ነው። ሰው ይኑር።" ሻንጣቸውን አነሱና መልሰው አስቀመጡት። "የመጀመሪያው፣ የቅጹ ነገር፣ ስህተት ነው። ስህተቱ የኔም ነው፤ ሳልጠይቅሽ ሄድኩ። ሁለተኛው ግን ውሸት ነው። ሁለተኛ በኔ አፍ ውሸት እንዳትናገሪ።"

ባቡሩ ሲሄድ በመስኮት ብቅ አላሉም። ሌሎቹ እጃቸውን ሲያውለበልቡ እሳቸው ከወዲያኛው በኩል ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሚትሱዬ ብቻዋን በላች። አቶ ኮይኬ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳህናቸውን ይዘው አጠገቧ ሊቀመጡ ሞከሩ፤ ዓይናቸውን ሳታይ ተነስታ ሄደች። ሽማግሌው ምን አደረጉ? ቀለዱ እንጂ። እሷ ግን የምትጠላው ሰው ያስፈልጋት ነበር።

ቴሌግራሙ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። የተላከው ለአባትየው ነበር፤ ሰው ይኑር እንዳሉት እሷ ተቀበለችው። ሺጌኦ ተገድሏል፤ ፈረንሳይ ውስጥ፣ አንድ ጫካ ውስጥ። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፤ ሁለት ትርጉም ያለው አንድም የለባቸውም። ከጎረቤት መዝገበ ቃላት ተውሳ ቁጭ አለች። የወጥ ቤትና የማሳ ጃፓንኛዋ ውስጥ የሌለውን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ፈለገች። ምንም ሳታለዝብ፣ ከራሷ ምንም ሳትጨምር ጻፈችውና አባቷ ወደተወሰዱበት ወደ ቱሊ ሌክ ካምፕ ላከችው።

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ጃፓንኛ ይሆናል ብላ መዝገበ ቃላቱን አጠገቧ አድርጋ ነበር ፖስታውን የከፈተችው። አንድ ባዶ ወረቀት ነው፤ መሐሉ ላይ አባቷ በሕይወታቸው ጽፈውት በማያውቁት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ለሺጌኦ ሞት የመለሱትን አንድ ቃል ጽፈውበታል።

"ኖ።"