ባርባ ፓናጎስ ከሰገነቱ የጮሁ ዕለት

በካሪዲያ ሸለቆ አሪስቴያ ኮንዱን የማያውቅ ቤት አልነበረም። በየጓዳው ቢያንስ አንድ ልጅ በእጇ ተወልዷል። አዋላጅ ነበረች። በበቅሎ፣ በእግሯ፣ ሲቀናትም በዳቦ መኪና ላይ ተንጠልጥላ ከመንደር መንደር ትዞር ነበር። ወታደሮቹ መንግሥቱን በያዙ ጊዜ “ግራ ክንፍ ናት” ተብላ ከሥራዋ ተባረረች፤ ጥቂት ወራትም ታሰረች። እነሱ ወድቀው የሶሻሊስቱ ፓርቲ ሲመሠረት ከሸለቆው ቀድማ የተመዘገበች እሷ ናት። በፈረንጆቹ ሰማንያ አንድ ምርጫ አገሩ ሁሉ የፓርቲውን አረንጓዴ ባንዲራ ለብሶ ሲጨፍር፣ አሪስቴያ አቴንስ ላለው ምክር ቤት ተመረጠች።

ይህን ሁሉ ደስታ በአንድ ወንበር ላይ ተኮፍሶ፣ ጢሙን እያሻሸ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ የተመለከተ አንድ ሰው ነበር። አባቷ!

መንደሩ ባርባ ፓናጎስ፣ አጎቴ ፓናጎስ እንደ ማለት፣ ይላቸዋል። እንደ አባታቸው የወግ አጥባቂዎቹ፣ የሰማያዊዎቹ፣ ሰው ናቸው። በካሪዲያ አደባባይ ሁለት ቡና ቤቶች ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ የአንዱ ወንበሮች ሰማያዊ፣ የሌላው አረንጓዴ። ባርባ ፓናጎስ አደባባዩን ተሻግረው አያውቁም። የአረንጓዴው ቡና ቤት ባለቤት ሜርሲና፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከደጃፏ ሆና ትጮህባቸዋለች።

“ባርባ ፓናጎስ! ልጅህ እኮ የሕዝብ እንደራሴ ሆነች! ዛሬም ወዲህ አትመጣም?”

“ልጄን እወዳታለሁ” ይላሉ እሳቸው ካሉበት ሳይነቃነቁ። “ድምፄ ግን የራሴ ነው፤ ለፈለግሁት እሰጠዋለሁ።”

አሪስቴያ ምክትል የጤና ሚኒስትር በሆነች ጊዜ ደግሞ እንዲህ ሆነ። አቤቱታ ይዛ የመጣች አንዲት ነፍሰ ጡር በመሥሪያ ቤቱ አሳንሰር ውስጥ ምጥ ያዛት። ምክትል ሚኒስትሯ አሳንሰሩን አስቁማ፣ ካፖርቷን ለዋና ዳይሬክተሩ አስይዛ፣ እጅጌዋን ሰብስባ አዋለደቻት። ዋና ዳይሬክተሩ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ሲል “አንተ ደግሞ ተራህን ጠብቅ!” ብላ ገሠጸችው። ወሬው በየጋዜጣው ወጣ። ሰማያዊው ቡና ቤት ውስጥ ጋዜጣው ለባርባ ፓናጎስ ተነበበላቸው። በጥሞና አዳመጡ።

“በሰማያዊዎቹ ዘመን ቢሆን” አሉ በመጨረሻ፣ “እርጉዝ ሴት አቤት ለማለት አቴንስ ድረስ አትንከራተትም ነበር።”

ይህን ሲነግሯት አሪስቴያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ደግሞም እውነት አለው ብላ አሰበች። ፓርቲው ለአውሮፓ ፓርላማ ሲያጫት ያለማንገራገር የተቀበለችው በዚህ ሐሳብ ነው። በተራራና በደሴት የሚኖር ሰው፣ ግሪክም ይሁን ስኮትላንድ፣ ጤና ጣቢያና አዋላጅ በአቅራቢያው ያግኝ የሚል የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጀች። ከኮሚቴ ኮሚቴ እየተንከባለለ ብዙ ጊዜ ፈጀ። በስንት ልመናና ክርክር ጠቅላላ ጉባኤው ፊት ሊቀርብ ቀን ሲቆረጥለት፣ መንደሯን ፓርላማው ወደሚሰበሰብበት የፈረንሳይ ከተማ፣ ወደ ስትራስቡርግ ጋበዘች።

አውቶቡሱ ከካሪዲያ ሲነሣ ሰማያዊዎቹ በቀኝ፣ አረንጓዴዎቹ በግራ ተቀምጠው ነበር። ወደ ጣሊያን የሚያሻግራቸው መርከብ ላይ ግን ባሕሩ ተቆጣ። የሁለቱም ወገን ሆድ እኩል ስለተገለበጠ፣ ከመርከቡ ወርደው አውቶቡሱ ላይ ሲወጡ ማንም የት እንደሚቀመጥ ትዝ አላለውም። ባርባ ፓናጎስ ሜርሲና አጠገብ ዐረፉ። እሷ በአይብና በዱር ቅጠል የጋገረችውን ፒታ ይዛለች፤ እሳቸው ቤት ያወጡት የወይን አረቄ፣ ጺፑሮ፣ በጠርሙስ አላቸው። አረቄ ብቻውን አይወርድም። እስከ አልፕስ ተራሮች ድረስ ሲሰዳደቡና ሲጎራረሱ ሄዱ።

አሪስቴያ በፓርላማው በር ላይ ስትቀበላቸው የአባቷን ከረባት አየች። እንደ ሰማይ ሰማያዊ ነው።

“አባዬ፣ ዛሬስ እንኳ?”

“ዛሬማ የግድ ነው” አሉ ግንባሯን እየሳሙ። “የኛም ሰው እዚህ አለ አይደል? ዛርካዳስ። ድምፄን የሰጠሁት እሱ ላለበት ዝርዝር ነው። እንዳየው ብዬ ነው የመጣሁት።”

ሌአንድሮስ ዛርካዳስ አለ። አሪስቴያን ያሳሰባትም እሱ ነበር። ከዚያው ከተራራው አገር የተገኘ፣ በግሉ ደግ ሰው ነው። ዳሩ ግን የሱ ወገን ወጪው ይበዛል ብሎ ሐሳቧን ላለመደገፍ ተስማምቷል። ጠዋት በመተላለፊያው ስታገኘው “አሪስቴያ፣ ልቤ ካንቺ ጋር ነው” ብሏት ነበር። “ልብህን ተወው ሌአንድሮስ፤ እጅህ የት ነው?” አለችው። መሬት መሬት እያየ አለፈ።

ተራዋ ደረሰና ተነሣች። ስለ በጀትና ስለ አንቀጽ ተናገረች። ካሪዲያዎች ከሰገነቱ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ሲታገሉ፣ በገዛ ቋንቋቸው እንደምትናገር ሲገባቸው አውልቀው ሲያስቀምጡት አየች። ያኔ ራሷም ያላሰበችው ቃል ከአፏ ወጣ።

“እናቴ ክሪስታሎ ትባል ነበር። ምጥ ሲይዛት በረዶ መንገዱን ዘጋው። መሰላል ላይ አስተኝተው፣ ወንዶቹ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ከተማ ወረዱ። ከፊት የተሸከመው አባቴ ነበር። አልደረሱም። በሆዷ የነበረው ወንድሜም አብሯት ሄደ። ክቡራት እና ክቡራን፣ እኔ አዋላጅ የሆንኩት በዚያ ምክንያት ነው፤ እዚህ የቆምኩትም በዚያ ምክንያት ነው። ፖለቲካ የምትሉት ነገር ለኔ ያ መንገድ ነው።”

ተቀመጠች። ወደ ሰገነቱ ቀና ለማለት ፈራች። በቤታቸው ይህ ነገር ተነሥቶ አያውቅም፤ የእናቷ ስም እንኳ አይጠራም ነበር።

የድምፅ አሰጣጡ ተጀመረ። የሚደግፉ እጃቸውን ያንሡ ተባለ። በግራ በኩል እጅ እንደ ስንዴ ማሳ ተነሣ፤ በቀኝ በኩል እዚህም እዚያም ጥቂት ታየ። ዛርካዳስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጫማውን ያያል። የሚጎድለው ጥቂት እንደሆነ አሪስቴያ በዓይኗ ገመተች። ይኼኔ ከሰገነቱ፣ ፍየል ከገደል ለመመለስ የሚጠቅም ዓይነት ድምፅ ወረደ።

“ዛርካዳስ! አንተ ዛርካዳስ! ቀና በል!”

አዳራሹ ሁሉ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ባርባ ፓናጎስ ቆመዋል፤ ከረባታቸው ዞሮ ጆሯቸው ሥር ደርሷል።

“ዕድሜዬን ሙሉ የናንተ ሰው ነኝ! እጅ የለህም እንዴ? አንሣው እንጂ!”

ዘበኞች ወደ ላይ ሮጡ። ሜርሲና ደጋፊ ሆና የባርባ ፓናጎስን ኮት ይዛ “አትንኩት፣ ሽማግሌ ነው!” ትላለች። ሰብሳቢው፣ መነጽሩን ያወለቀ አንድ ሆላንዳዊ፣ በግርምት ጠየቀ።

“የተከበሩ ዛርካዳስ፣ እኚህ ሰው የሚጠሩት እርስዎን ይመስላል። ምንድን ነው የሚሉት?”

ዛርካዳስ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አለ።

“ክቡር ሰብሳቢ... እኚህ መራጬ ናቸው።”

አስተርጓሚዎቹ ቃሉን በየቋንቋቸው አስተላለፉት፤ ሳቁም እንደዚያው ተራ በተራ፣ መጀመሪያ ከጣሊያኖቹ፣ በመጨረሻ ከዴንማርኮቹ መንደር ተነሣ። ዛርካዳስም ሳቀ። እየሳቀ እጁን አነሣ። ከጎኑ የነበረው አይርላንዳዊ “እኔም ሰገነት ላይ መራጭ እንዳለኝ ማን ያውቃል” ብሎ አነሣ፤ ከኋላቸውም ሌሎች ተከተሉ። ተቆጠረ። የውሳኔ ሐሳቡ አለፈ።

አሪስቴያ የተዘረጉላትን እጆች ጨብጣ ሳትጨርስ ደረጃውን ወደ ላይ ሮጠች። አባቷን ያገኘችው በጥበቃ ክፍል ውስጥ ነው። ታስረው ሳይሆን፣ ለአንድ ግዙፍ ፈረንሳዊ ዘበኛ ጺፑሮ ሲቀዱለት።

“አባዬ! ምን አደረጉህ?”

“ምን ያደርጉኛል፣ ጨዋ ሰው ነው። ሥራ ላይ አይጠጣም፤ ማሽተት ብቻ ነው የፈቀደው።”

አጠገባቸው ተቀመጠች። ከረባታቸውን ወደ ቦታው መለሰችላቸው።

“ተቀየምከኝ? ስለ እማዬ በመናገሬ?”

ባርባ ፓናጎስ ጠርሙሱን በጥንቃቄ ከደኑ።

“እኔ የሷን ስም ለመጥራት አፌ አልታዘዘኝም፣ ልጄ። አንቺ በዓለም ፊት ጠራሽው። እንዴት እቀየማለሁ?” ጠርሙሱን ኪሳቸው ከተቱ። “ደግሞ ይህን ሥራ ለምን እንደያዝሽ ዛሬ ነው የገባኝ። እኔ ለባንዲራው ይመስለኝ ነበር።”

ምሳው ወንዙ ዳር ባለ ምግብ ቤት ነበር። ሠላሳ ሰው የሚጮኽበት ገበታ ለስትራስቡርግ አዲስ ስለሆነ ባለቤቱ መጀመሪያ ላይ ተጨንቆ ነበር። ዛርካዳስም መጣ።

“የፓርቲዬ ሰዎች እየፈለጉኝ ነው” አለ ወንበር እየሳበ፤ “እናንተ ጋ ልደበቅ።”

“ና ተቀመጥ፣ የኔ አንበሳ” አሉት ባርባ ፓናጎስ ትከሻውን እየመቱ። “ብርቱ እጅ አለህ፤ የሚቀሰቅሰው ነው የሚፈልገው።”

ጸሐይዋ ውሃው ላይ ታብረቀርቃለች። ወይኑ ሁለት ጊዜ ሲዞር፣ አሪስቴያ ሰምታው የማታውቀውን ነገር አባቷ ማውራት ጀመሩ።

“ክሪስታሎን መጀመሪያ ያየኋት ፖም ዛፍ ላይ ነው። የሰው ዛፍ ላይ! በሥሩ ሳልፍ የበላችውን ፖም አናቴ ላይ ጣለችው። ቀና ብዬ ‘አንቺ ሌባ’ ብላት ‘አንተ አህያ፣ ከምትጮኽ ውጣና እርዳኝ’ አለችኝ።”

“ወጣህ?” አለች ሜርሲና።

“ወጣሁ እንጂ! ቅርንጫፉ ተሰበረና ሁለታችንም ወደቅን። ባለቤቱ ዱላ ይዞ ሲመጣ እሷ እየሳቀች መሮጥ አቃታት። ተሸክሜያት ሮጥሁ። እንዴት ያለ ሳቅ ነበራት መሰላችሁ! እንደ ምንጭ ውሃ፣ ከጀመረ አይቆምም።”

አሪስቴያ አባቷን አፍጥጣ አየች። እስከዛሬ እናቷ ለሷ በረዶና መሰላል ነበረች። አሁን ዛፍ ላይ ቁጭ ብላ ፖም የምትገምጥ፣ የምትሳደብ ልጃገረድ ሆነችላት። መሳቅ ጀመረች፤ አልቆም አላት። እንባዋ እስኪወርድ፣ ሜርሲና ጀርባዋን እስክትመታት ሳቀች።

ባርባ ፓናጎስ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

“ይኸው!” አሉ ለገበታው ሁሉ። “ሳቁ ይኸው ነው! አልጠፋም ማለት ነው!”

ከዚያም መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ተነሡ። አንድ ሰው ዘፈን አነሣ። ሽማግሌው እንደ አገራቸው ልማድ በዝግታ፣ መሬቱን እንደሚመርቁ ሁሉ ረገጡ፤ የመሐረቡን ሌላ ጫፍ አሪስቴያ ያዘች፣ ከሷ ዛርካዳስ፣ ከዛርካዳስ ሜርሲና። ክቡን ለማስፋት ወንበሮቹን ገለል ያደረገው የምግብ ቤቱ ባለቤት ራሱ ነበር።