የላውቭኔስ የመጨረሻ ጀልባ

ቶርሌፍ ከባድ መኪናውን ድራመን ከተማ ዳር ካለው ግቢ ሲያቆም ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ከሮተርዳም መመለሱ ነው። ሞተሩን ካጠፋ በኋላ እንደ ልማዱ ካርዱን ከመንጃ ሰዓት መቆጣጠሪያው አውጥቶ ኪሱ ከተተና በሐሳቡ አሰላ። በሕጉ መሠረት አርባ አምስት ሰዓት ያርፋል። እረፍቱ እሑድ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ሰኞ ማለዳ ደግሞ ዓሣ ጭኖ ወደ ፈረንሳይ ይወርዳል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን አርባ አምስት ሰዓት የሚያሳልፈው ሶፋው ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ እሱ ይተኛል። በዚህ ሳምንት ግን የሚስቱ እህት ዮሩን ገና ጀርመን ውስጥ መንገድ ላይ ሳለ ደውላለት ነበር።

«ጀልባዋ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ትሻገራለች» አለችው። «እሑድ ከባሕሩ ሥር የሚያልፈው የመኪና ዋሻ ይከፈታል። እኔ እሄዳለሁ። አንተ ትነዳለህ ወይስ በዚህ ዕድሜዬ በአውቶቡስ ልንገላታ?»

«ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ?»

«ሹፌሩ አንተ ነህ፤ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ጀልባዋ ከላውቭኔስ ወደ ቢርኬቪክ መኪና የምታሻግር ናት፤ ፊዮርዱን፣ በተራሮች መሐል የገባውን የባሕር ክንድ፣ ለማቋረጥ ሃያ ደቂቃ ይበቃታል። የቶርሌፍ ሚስት ኦስላውግ እዚያች ጀልባ ላይ፣ ፎቅ ካለችው ትንሽ ካፌ ውስጥ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ቶርሌፍ ጀልባዋን ረግጦ አያውቅም። ወደ ቢርኬቪክ የሚሄድ ጭነት ሲደርሰው ፊዮርዱን ዞሮ ይሄዳል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጨምርበታል። አለቃው አንድ ጊዜ ስለ ነዳጁ ጠየቀው፤ ምክንያቱ ሲገባው ግን ሁለተኛ አላነሳውም። ከእሑድ ጀምሮ እንግዲህ የሚዞረውም የሚሸሸውም ነገር አይኖርም። ቅዳሜ ካልተሳፈረ ቀረ ማለት ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአሮጌዋ የቤት መኪናው፣ በቮልቮው፣ ከዮሩን ደጃፍ ደረሰ። ዮሩን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። በፎጣ የተጠቀለለ ቆርቆሮ ሣጥን በሁለት እጇ አቅፋ ወጣች። ከኋላ ላስቀምጥልሽ ቢላት እንቢ ብላ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ምንድነው?»

«አንተ መንገድህን እይ።»

የመስከረም ሰማይ ጥርት ብሎ ነበር። የበርች ዛፎቹ ከላይ ጀምረው ቢጫ ሆነዋል። ሰባ ኪሎ ሜትር በሰዓት በተጻፈበት ቦታ ቶርሌፍ በሰባ ይነዳል፣ ስድሳ በተጻፈበት በስድሳ።

«ያ ትራክተር ሊቀድመን ነው» አለች ዮሩን።

«ይቅደም።»

«ኦስላውግ ትለኝ ነበር። ምጥ ይዟት እንኳ ወደ ሆስፒታል ስትወስዳት ቀይ መብራት ጠብቀሃል።»

«ቀይ ነበራ። በዚያ ላይ ልጁ የተወለደው በማግስቱ ነው።»

«በምሳ ሰዓት» አለች ዮሩን፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ። ያ ልጅ ዛሬ አውስትራሊያ የመርከብ መሐንዲስ ነው፤ ለገና ይደውላል።

ቡናማ አይብ ያለበት ዳቦ በሉ፤ ከፔርሙዙ ቡና ቀዳችለት። መንገዱ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ዮሩን አንገቷን ዘንበል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እጆቿ ግን ሣጥኑን አልለቀቁም።

ቶርሌፍ ስለ መታጠፊያው ያስብ ነበር። ላውቭኔስ ከመድረስ በፊት መንገዱ ከገደሉ አፋፍ ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከዚያ ሆኖ ወደቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዘገየ የከባድ መኪና ሹፌር እዚያ ሲደርስ ረጅም መብራቱን ሦስት ጊዜ ያበራል። ካፒቴኑ ካየ አንድ አጭር ጡሩንባ ይነፋል፤ እጠብቅሃለሁ ማለት ነው። የትም አልተጻፈም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ኦስላውግም ከካፌው መስኮት መብራቱን ስታይ ሊጡን የጋለው ብረት ላይ ታፈሳለች። ቶርሌፍ መኪናውን አስገብቶ የብረት ደረጃውን እስኪወጣ ስቬሌ የሚሉት ወፍራም ጣፋጭ ቂጣ ደርሶ፣ ቅቤና ስኳር ተደርጎበት፣ ለሁለት ታጥፎ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ ሰሞን ገርሞት ነበር።

«እኔ መሆኔን በምን አወቅሽ?» አላት አንድ ቀን።

«አላወቅሁም» አለችው። «ለዘገየ ሰው ሁሉ ነው የምጋግረው። አንተ ግን ሁልጊዜ ትዘገያለህ።»

ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ የዘገየባቸው ቀናት ነበሩ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ሰባት ሰዓት ላይ ፊሌፍዬል ተራራ አናት ደረሱ። በስተቀኝ የከባድ መኪና ማቆሚያ አለ። ቶርሌፍ ፍሬቻ አሳየ፣ ገባ፣ ሞተር አጠፋ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋ። ምንም አላሰበበትም። እጆቹ ሠላሳ አራት ዓመት ሲያደርጉት የኖሩትን አደረጉ። አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ሹፌር አርባ አምስት ደቂቃ ይቆማል።

ሲነቃ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ደቂቃ አልጎደለም፣ ደቂቃ አልተረፈም። ዮሩንም ገና መንቃቷ ነው።

«ለምንድነው የቆምነው?»

«እረፍት ነው» አላት እያዛጋ።

«የማን እረፍት?»

ቶርሌፍ ቀና ብሎ በከባድ መኪናው የመንጃ ሰዓት መቆጣጠሪያው ወደሚኖርበት ቦታ ተመለከተ። እዚያ የነበረው የቮልቮዋ አሮጌ ሬዲዮ ብቻ ነው። ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወንበሩን አቅንቶ ሞተሩን አስነሳ።

«አርባ አምስት ደቂቃ» አለች ዮሩን፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ። «በገዛ መኪናህ። ፖሊስ ሳይጠይቅህ።»

«እጄ ነው። ሳላስበው ነው የገባሁት።»

«እጅህ መሆኑንማ አያለሁ። እኔ አንተን ልጠይቅህ፤ መድረስ ትፈልጋለህ?»

ቶርሌፍ ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ ወረደ። ሲነሱ ለጥንቃቄ አንድ ሰዓት ትርፍ ይዞ ነበር፤ ከእሷ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርታቸዋለች፤ ይደርሳሉ። ግን ሸለቆው ውስጥ ሲገቡ መንገዱ በበግ ተሞላ። በጋውን ተራራ ላይ የከረመው መንጋ ወደ ቤቱ የሚወርድበት ሳምንት ነው። ከፊት አንዲት ሴት ባልዲ እያንኳኳች ትሄዳለች፤ ከኋላ ውሻ ይከተላል፤ መሐል ላይ ሦስት መቶ በግ።

«ክላክስ አድርግ» አለች ዮሩን።

«በግ ክላክስ ሲሰማ ይቆማል።»

ሃያ ደቂቃ በእግር ፍጥነት ተከተሏቸው። ቶርሌፍ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ የበጎቹን ጀርባ እያየ ድንገት ተናገረ።

«እፈልጋለሁ» አለ።

ዮሩን ወደ እሱ አልዞረችም። «እንግዲያው ይህን በግ ስናልፍ ትንሽ ረገጥ አድርገው።»

ረገጥ አደረገው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማንያ በተጻፈበት በሰማንያ ስምንት ነዳ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ነበር። ረጅም መብራቱን አበራ፣ አጠፋ፣ አበራ፣ አጠፋ፣ አበራ። ግን ቮልቮዋ ዝቅ ያለች ናት። መብራቷ የገደሉን መከላከያ ብረት አላለፈም፤ በብረቱ ዝገትና በበርች ቅጠል ላይ ፈሶ ቀረ። በብረቱ ላይ አሻግሮ ሲያይ ወደቡ ባዶ ነበር፤ ጀልባዋ መቶ ሜትር ያህል ርቃ ነጭ አረፋ ጥላለች።

ወደቡ ሲደርሱ ጀልባዋን ሊሰናበት የመጣው ሰው መበተን ጀምሯል። የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ልጆች መለከታቸውን በየሣጥኑ እየከተቱ ነው። ባንዲራ የያዘ ሽማግሌ ቮልቮዋን ሲያይ መንገድ ለቀቀላቸው። ቶርሌፍ የሚሻገሩ መኪኖች በሚሰለፉበት መስመር እስከ መጨረሻው፣ ውሃው አፍ ድረስ ሄዶ ቆመ። ፊት ለፊቱ ምንም አልነበረም። የጀልባዋ ፎቅ መስኮቶች በርቀት ይበራሉ። ካፌዋ የቱ ጋ እንደሆነች መቁጠር አላስፈለገውም፤ ከግራ ሦስተኛው ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን መስኮት ላለማየት ፊዮርዱን ሲዞር ኖሯል። አሁን ዓይኑን አልነቀለም።

ዮሩን ልትሳደብ የምትችልበት ጊዜ ነበር፤ አልተሳደበችም።

ቶርሌፍ እጁን ወደ መብራቱ ሰደደ። ሦስት ጊዜ አበራ፤ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ። አሁን ምንም ብረት አልከለለውም፤ ብርሃኑ በውሃው ላይ ሄደ። ጀልባዋ መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ፣ እሱ ተስፋ ቆርጦ እጁን ሲመልስ፣ አንድ አጭር ጡሩንባ ከተራራው ወደ ተራራው ተቀባብሎ መጣ። የነፋው የድሮው ካፒቴን ይሁን ሌላ ሰው አላወቀም፤ ለማወቅም አልጠየቀም። መስኮቱን ከሌሎቹ መስኮቶች መለየት እስኪያቅተው ድረስ ተመለከተ።

ዮሩን ፎጣውን ፈታች። ሣጥኑ ሲከፈት የቅቤና የስኳር ሽታ መኪናውን ሞላው። ስቬሌዎቹ ለሁለት ታጥፈው ተደርድረዋል።

«ጀልባዋ ላይ መጋገር ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል» አለች። «አሁን ቡና የሚያወጣ ማሽን ብቻ ነው ያለው። አንተ ስትዞር ማን ይነግርሃል? የኦስላውግ ወንበር ጋ ቁጭ ብለን እንድንበላው ነበር የጋገርኩት።»

ቶርሌፍ አንዱን አንስቶ ገመጠ። ያልሟሟው ስኳር ጥርሱ ላይ ተንኮሻኮሸ። ረጅም ጊዜ አኘከ።

«የሷ ወፈር ይላል» አለ።

«አውቃለሁ። ሊጡን አሳድራ ነበር የምትጋግረው። እኔ ትዕግሥት የለኝም።»

ሁለተኛውን አነሳ። ኮፍያውን አውልቆ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠና መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤ ቀዝቃዛ የባሕር አየር ገባ። ከኋላቸው የመጨረሻዎቹ መኪኖች ዞረው ሄዱ። ቶርሌፍ ሰዓቱን ተመለከተና በሐሳቡ አሰላ።

«አሥራ ስምንት ሰዓት ገደማ ይቀረኛል» አላት።

«ለምኑ?»

«ለእረፍቱ።»

«እንግዲያው ተቀመጥ» አለች ዮሩንና ሣጥኑን ሁለቱ ወንበሮች መሐል አደረገችው።