የመስታወት ክፍል ሙቀት

ባሮክ ዙሪክ ውስጥ ሰርቨሮችን ለሚቆጣጠር ሲስተም መረጃ የሚሰበስቡ ፕለጊን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ይሠራል። እንደ እናት ያሳደገችው እህቱ መስታወት ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች፤ ቢቸግራትም አትናገርም። ስለዚህ አስፈቅዷት ክፍሏ ውስጥ ትንሽ የሙቀት መለኪያ አስቀመጠ፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ስልኩ ላይ የሚያስጠነቅቀው ፕለጊንም ሠራለት።

አንድ የጥር ቅዳሜ ጠዋት ማስጠንቀቂያው መጣ። ወዲያው ደወለላት።

«እትዬ፣ አልበረደሽም?»

«ኧረ ሞቆኛል!»

ባሮክ ማሞቂያ ገዝቶ ባቡር ተሳፈረ። መስታወት ካፖርቷን እንደለበሰች በሩን ከፈተችለት።

«ማታ ማሞቂያው ተበላሸ። እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

«አስቸግሪኝ እንጂ፣ እትዬ!» ብሎ አቀፋት።

ክፍሉ እስኪሞቅ እጆቿን በእጆቹ መሃል ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሲበርዳት ራሷ ትደውላለች።