የውድነሽ ዕድሜና የአስካለ ደም

1.

ስሚኝማ እህቴ፣ ይቺ ወሬ ከዚህ እንዳትወጣ። ውድነሽ አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አምሳ ሁለት ከሆናት ደግሞ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ።

የበኩር ልጇ አርባ አራት ዓመቱ ነው። በስምንት ዓመቷ ወልዳዋለች ማለት ነው። የእግዚአብሔር ሥራ!

2.

እውነቱን የምታውቀው አስካለ ብቻ ናት፣ የልጅነት ጓደኛዋ። የወተት ጥርሳቸውን የነቀሉት አብረው ነው። አስካለ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ዘንድሮ አስካለ ጡቷ ላይ ዕጢ ተገኘባት። አወጡላት። መድኃኒት ጀመረች።

3.

ፖሊአሚን።*

* እኔ እንደገባኝ ሁላችንም ደም ውስጥ አለ። ሴል ያለ ልክ ሲራባ እሱም ይበዛል፣ ጥንስስ ላይ እንደሚወጣው አረፋ። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይለኩታል። መድኃኒቱ ከያዘላት ይቀንሳል ብለው ያስባሉ፤ የሚያጠኑትም ይኼንኑ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

4.

የጥናቱ ሕግ፦ እያንዳንዷ ታማሚ አንዲት ጤነኛ እኩያዋን ይዛ ትምጣ። ደማቸው ጎን ለጎን ይታያል። እኩያ ያላመጣች አትገባም፤ ደሟንም በየወሩ የሚያይላት የለም።

አስካለ ውድነሽን ይዛ ሆስፒታል ሄደች።

5.

ስም፦ ውድነሽ ተሰማ
ሕመም፦ እግዚአብሔር ይመስገን
ዕድሜ፦ 52

6.

ምሥራቅ (ደም የምትቀዳዋ ልጅ)፦ እማማ፣ እሳቸው ስድሳ ሦስት ናቸው፣ እርስዎ አምሳ ሁለት። አይሆንም።

ውድነሽ፦ አሥራ አንድ ዓመት ምን አላት?

ምሥራቅ፦ ለጥናቱ ብዙ ነው። ሌላ ሰው ይምጣ።

አስካለ፦ ግድ የለም ልጄ፣ ሌላ እፈልጋለሁ።

ውድነሽ፦ ከየት አባትሽ ነው የምታመጪው? እኩዮቻችን እኮ አለቁ!

«እኩዮቻችን» አለች። ከአፏ አመለጣት።

ወረፋው ላይ ደግሞ ከዕድሩ ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል።

7.

ሦስቱም ሴቶች አንገታቸውን ወደ ውድነሽ አዞሩ።

8.

አስካለ ግድግዳውን ታያለች። ዕድሏ ሊያመልጣት ነው፣ አሁንም ግን አልተናገረችም።

ውድነሽ እሷን አየቻት። ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንቺ ልጅ፣ እስክሪብቶ አምጪ።»

9.

ዕድሜ፦ 52 (ተሰርዟል) 63

«ዋሽቼ ነው፣ ይቅር ይበለኝ» አለች፣ ሁሉም እየሰማ።

ከዕድሩ አንዷ፦ «ውይ! እኔማ ሰባ መስላኝ ነበር!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስካለ ያን ያህል ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

10.

ውድነሽ፦ የእኔስ ደም እንዴት ነው?

ምሥራቅ፦ ጥሩ ነው እማማ።

ውድነሽ፦ የስንት ዓመት ሰው ደም ይመስላል?

ምሥራቅ፦ የስድሳ ሦስት።

ውድነሽ፦ እስቲ ደግመሽ እዪው።

11.

የአስካለ ደም (ፖሊአሚኑ)፣

አንደኛ ወር፦ የውድነሽ እጥፍ
ሁለተኛ ወር፦ ቀንሷል፣ ገና ግን ከውድነሽ ይበልጣል
ሦስተኛ ወር፦



12.

ውጤቱ ዓርብ ነው። ቦታውን ክፍት የተውኩት ስለማላውቅ ነው።

እህቴ፣ እስከዚያ በጸሎትሽ አስካለን አስቢልኝ።