አባባ ፈተና የወደቁ ዕለት

አባቴ መሪጌታ ቀለመወርቅ በዕድሜያቸው አንድም ፈተና ወድቀው አያውቁም። እኔ ስድስተኛ ክፍል ወድቄ ቀርቻለሁ፤ ስለዚህ በቤታችን ስለ መውደቅ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አባባ ድጓን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያስተምራሉ። ተማሪ አንዲት ቃል ቢዘል ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው እንኳ "ተመለስ!" ይሉታል።

ካለፈው መኸር ወዲህ ግን በግራ በኩል ያለ ነገር ሁሉ ጠላታቸው ሆነ። የበሩን መቃን በትከሻቸው ይገጩታል። እንስራ ይገፋሉ። "ማነው ይህን እዚህ የገተረው?" እያሉ ይቆጣሉ። እንስራው እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እዚያው ነው።

"አባባ፣ ዓይንዎ ነው" አልኳቸው።

"ዓይኔ ገና መርፌ ውስጥ ክር ያገባል። ይልቅ አንቺ አፍሽን ያዢ።"

ንፋስ መውጫ ለገበያ በሄድን ዕለት፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ የዓይን ምርመራ በነፃ ይሰጣል ሲባል ሰማን። እናቴ ካሣነሽ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨብጣ "ወይ ይገባሉ፣ ወይ እዚሁ መንገድ ላይ እጮኻለሁ" አለች። ታደርገዋለች። ገቡ።

ከፊታችን አሥራ አራት ሰው ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የአውድማ መንሽ የመሰለ ባለ ሦስት ጣት ምልክት ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድሮበታል። ሲስተር ሰናይት የምትባል ነርስ በቀጭን እንጨት እያመለከተች ትጠይቃለች፤ ሰዉ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ ይናገራል። "ወደ ላይ… ወደ ቀኝ… ወደ ታች…" አባባ አግዳሚው ላይ አቀርቅረው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ ዳዊት የሚደግሙ መስሎኝ።

ተራቸው ደረሰ። ቀኝ ዓይናቸውን ሸፈኑ።

"ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ…" አንበለበሉት። ሲስተር ሰናይት እንጨቷን ገና ከሁለተኛው ምልክት አላነሳችም።

"ይህስ የወጣት ዓይን ነው!" አለች።

"ሲስተር፣ እስቲ ከታች ወደ ላይ ጠይቂያቸው" አልኩ።

አባባ በተሸፈነው ዓይናቸው ሳይቀር ገላመጡኝ። ከታች ጀምራ ጠየቀቻቸው። የድጓ መምህር አይደሉ? እሱንም አንድ ሳይስቱ ወደ ኋላ አወረዱት። ተሰላፊው አጨበጨበ።

"እንግዲያው ሰሌዳውን ዘቅዝቂው" አልኳት።

ያኔ ገባት። ከምስማሩ አውርዳ ዘቅዝቃ ሰቀለችው። "ይሄ ትልቁ ወዴት ዞሯል፣ አባ?"

አባባ አንገታቸውን ወደ ፊት አሰገጉ።

"ወዴት ነው?"

"ሰሌዳው የታል?" አሉ በቀስታ።

ማንም አልሳቀም። እኔም።

መሐሪ የሚባለው የዓይን ሐኪም ወደ ውስጥ አስገባን። መብራት አብርቶ ዓይናቸውን ውስጡን አየ፤ ግፊቱን ለካ። "ግላኮማ ነው። አያምም፣ አያሳክክም፤ ዝም ብሎ ብርሃን ይሰርቃል። በግራው የጠፋው አይመለስም። ቀኙን ግን ገና ሲጀምረው ደርሰንበታል። ይህን ጠብታ በየማታው፣ ዕድሜ ልክዎን፣ ሳያቋርጡ። ክትትሉም አይቅር። በዘር ስለሚሄድ እህት ወንድምም፣ ልጆችም ይመርመሩ።"

እኔንም መረመሩኝ። አለፍኩ፤ እልል የሚልልኝ ግን አልተገኘም።

ስንመለስ እናቴ አህያዋን እየነዳች ቀደመች። አባባ ኩርፍ ብለዋል።

"ሰው ፊት አዋረድሽኝ።"

"አባባ፣ ምርመራ ላይ ማን ይወድቃል? እርስዎ ግን ከአሥራ አራት ሰው ኮረጁ።"

"አፍሽ!" አሉና ትንሽ ተራመዱ። "መደብዘዙንስ አውቅ ነበር። እርጅና ነው ብዬ…"

ቆሙ። ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እኔ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ።

"የት ሄድሽ?"

"እዚሁ ነኝ።"

"የት?"

እጃቸውን ያዝኳቸው። ለካ ሁለቱንም ከፍተው ሲሄዱ ደህናው ዓይን የታመመውን ሲደብቅለት ከርሟል። መዳፋቸውን አነሱና ፊቴን ትክ ብለው አዩት፣ የግንባሬን ጠባሳ ሳይቀር።

"ይኼኛው ግን አለ" አሉ።

"አለ።"

"ጠብታው የታል?"

"ማታ ነው የተባለው።"

"እንግዲያ ምን ታስቆሚኛለሽ? ሂጂ!"

ማታ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጉንጫቸው ላይ ጣልኳት። ሁለተኛዋ ገባች። አባባ እንደ ሕፃን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በማግስቱ ማንም ሳይጎተጉታቸው ጫማዬን እንዳደርግ አዘዙኝ። ታላቅ እህታቸው እትዬ አሰለፈች ከወንዙ ማዶ ነው የምትኖረው። መንገዱን ሁሉ በግራቸው በኩል አስኬዱኝ። ደጃፏ ስንደርስ ገብስ እያበጠረች ነበር።

"አሰለፈች፣ ተነሺ። ንፋስ መውጫ ዓይንሽ ይታያል።"

"የኔ ዓይን ምን ሆነና? ይኸው እንክርዳድ እየለቀምኩበት!"

"እኔም እንዲሁ ስል አንዱን አጣሁ" አሉ አባባ። ሰው ፊት እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። "ያንቺ ሁለቱም ሳሉ ይታይ።"

አክስቴ ሰፌዱን በጭኗ ላይ አድርጋ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሰፌዱን ለኔ አቀበለችኝ።

"ቆይ" አለች፣ "ነጠላዬን ላምጣ።"